«ባለ ሁለት» ስንት ነው? በውኃና በጥገና ሥራዎቻችን ስለሚገጥመን የኢንችና የሚሊ ሜትር መደበላለቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ነቢዩ ሕዝቅኤል በምርኮ ምድር ሳለ ያየው የቤተ መቅደስ ራእይ ከምዕራፍ 40 ጀምሮ በልክ የተሞላ ነው። የበሩ ወርድ፣ የቅጥሩ ውፍረት፣ የጓዳዎቹ ርዝመት አንድ በአንድ ተቆጥሯል። ብዙዎቻችን ይህን ክፍል ስናነብ ቁጥሩን እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ ነቢዩ የቅጥሩን የመጀመሪያ ልክ ከመጻፉ በፊት ያደረገውን ነገር ልብ ማለት ይገባል። በሚለካው ሰው እጅ ያለው ዘንግ ስድስት ክንድ መሆኑን ከነገረን በኋላ፣ ያ ክንድ ተራው ክንድ ሳይሆን አንድ ጋት የተጨመረበት መሆኑን ይገልጻል። በምዕራፍ 43 ወደ መሠዊያው ልክ ሲደርስም ይህንኑ መልሶ ያስታውሰናል። በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ካልእ ምዕራፍ 3፣ ሰሎሞን የሠራው ቤት የተለካው በቀድሞው ስፍር እንደ ሆነ ተጠቅሷል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 3 የባሳን ንጉሥ የዐግ አልጋ ሲለካ እንኳ በየትኛው ክንድ እንደ ተለካ ሳይነገር አልታለፈም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአንድ ምድር ከአንድ በላይ ክንድ ነበረ። «ስድስት ክንድ» የሚለው ቃል የማን ክንድ እንደ ሆነ እስካልተነገረ ድረስ ቁጥር እንጂ ልክ አይደለም። በገበያችን የጨርቅ ነጋዴ በክንዱ በሚሰፍርበት ዘመን ገዢው ክንደ ረጅሙን ነጋዴ ፈልጎ መሄዱ ከዚህ የተነሣ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ከዚያ ብዙ የራቀ አይደለም። ሀገራችን በሕግም በትምህርትም በሜትር የምትለካ ሀገር ናት። ወደ ቧንቧ ዕቃ መደብር የገባ ሰው ግን «ባለ ግማሽ»፣ «ባለ ሦስት ሩብ»፣ «ባለ ሁለት» ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩም ሳይጠራጠር ያወጣለታል። ያ «ግማሽ» የኢንች ግማሽ ነው። በዚያው መደብር፣ በሌላው መደርደሪያ ላይ፣ ባለ 20፣ ባለ 25፣ ባለ 63 የሚባሉ ቱቦዎች አሉ፤ እነዚያ በሚሊ ሜትር ናቸው። በሀገረ ስብከት ያላችሁ የልማት ሠራተኞች፣ የንብረት ክፍል ባልደረቦች፣ የውኃ ኮሚቴ አባላትና የሰበካ ጉባኤ አገልጋዮች ይህን ጽሑፍ በትዕግሥት እንድታነቡልን የምንጠይቀው፣ ይህ መደበላለቅ በእኛው ሥራ ላይ ያደረሰውን ስለምናውቅ ነው።

አራተኛው ቦኖ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ደጋማ ወረዳ ከተራራ ሥር የሚፈልቅ ምንጭ አጎልብተን፣ በስበት ኃይል ለአራት ቦኖዎች ውኃ የምናደርስበት ሥራ ነበረን። የአጥቢያው ምእመናን ከካህናቱ ጋር ሆነው 2 ኪሎ ሜትር ከ800 ሜትር የሚሆነውን ቦይ በነፃ ጉልበታቸው ቆፈሩ። ንድፉ በድንጋያማው ስፍራ የብረት ቱቦ፣ በቀረው መሬት ደግሞ በሙያው አጠራር ኤች.ዲ.ፒ.ኢ. የሚባለው ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ እንዲዘረጋ ያዛል። በንድፉ ሠንጠረዥ ላይ ለሁለቱም የተጻፈው ልክ አንድ ነበር፦ «2 ኢንች»።

የግዥ ሰነዱ ሲዘጋጅ፣ የፕላስቲክ ቱቦ በሚሊ ሜትር እንደሚሸጥ የሚያውቅ ባልደረባችን በቅንነት ሒሳቡን ሠራ። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱ 50.8 ይሆናል፤ በገበያ ባለ 50 የሚባል ቱቦ አለ፤ ስለዚህ «50 ሚ.ሜ.» ብሎ አሰፈረ። ሒሳቡ ስሕተት የለበትም። ሰነዱን አንብበን የፈረምነውም እኛ ነን። መታዘዝ የነበረበት ግን ባለ 63 ነበር።

ይህ ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት የሁለቱን ቱቦዎች አጠራር ማወቅ ያስፈልጋል። «ባለ 2 ኢንች» በሚባለው የብረት ቱቦ ላይ ሜትር ይዞ ሁለት ኢንች የሚፈልግ ሰው አያገኝም። የውጭው ስፋት 60.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ የውስጡ፣ በገበያችን በሚዘወተረው መካከለኛ ውፍረት፣ 53 ገደማ ነው። «2 ኢንች» የጥንት ሠራተኞች ለውስጡ ስፋት በግምት የሰጡት ስም ሆኖ የቀረ ነው እንጂ ልክ አይደለም። የግማሽ ኢንቹም እንዲሁ ነው፤ የውጭው ስፋት 21.3 ሚሊ ሜትር ሲሆን የግማሽ ኢንች ሒሳብ ግን 12.7 ይሰጣል። የፕላስቲኩ ቱቦ በአንጻሩ የሚጠራው በእውነተኛው የውጭ ስፋቱ ነው። ባለ 63 ማለት ከውጭ ሲለካ 63 ሚሊ ሜትር የሆነ ማለት ነው፤ የግድግዳው ውፍረት የሚቀነሰው ከዚያ ላይ ነው። ስለዚህ አንዱ በግምታዊ ውስጥ፣ ሌላው በእውነተኛ ውጭ ይጠራል፤ በ25.4 ማባዛት በሁለቱ መካከል ድልድይ አይሆንም። በተግባር የሚጣመሩት እንደሚከተለው ነው፦ የብረቱ ግማሽ ኢንች ከባለ 20፣ ሦስት ሩቡ ከባለ 25፣ አንዱ ከባለ 32፣ አንድ ከሩቡ ከባለ 40፣ አንድ ተኩሉ ከባለ 50፣ ሁለቱ ከባለ 63። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ቆርጦ በመጋዘን በር ላይ የሚለጥፍ ሰው ቢኖር ደስ ይለናል።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ስሕተቱ ራሱን የገለጠበት አንድ ሰዓት ነበረ፤ እኛ ግን አላወቅንበትም። የብረቱና የፕላስቲኩ ቱቦ በሚገናኙበት ቦታ የገጠማው ባለሙያ በንድፉ መሠረት የመጣለትን የ63 መገጣጠሚያ በባለ 50 ቱቦ ላይ ሲያደርገው ሰፋበት። ባለሙያው ጎበዝና ሥራ ወዳድ ነበር። ወደ ከተማ ወርዶ ለባለ 50 የሚሆን መገጣጠሚያ፣ ከዚያም ከ2 ወደ 1 ተኩል ኢንች የምታጠብብ አንዲት ቁራጭ ብረት ገዝቶ ተመለሰ፤ በሚገባ አጠበቀው፤ ጠብታ እንኳ አልወጣውም። ሥራው መቆም የነበረበት በዚያች ሰዓት ነበር። የባለሙያው ጉብዝና የወረቀቱን ስሕተት ሸፈነው። ከዚያ ወዲህ ባየናቸው ሥራዎችም ይህንኑ አስተውለናል፦ የልክ መደበላለቅ የሚታየው መገጣጠሚያ ላይ ነው፤ የሚሰወረውም እዚያው መገጣጠሚያ ላይ፣ በቅን ሠራተኛ እጅ ነው።

ቦዩ ተደፈነ። የምረቃው ዕለት ጸሎት ተደርሶ ቧንቧዎቹ ሲከፈቱ ሦስቱ ቦኖዎች ውኃ ሰጡ። በሩቁ መንደር ያለው አራተኛው ግን ጥቂት አንጠባጥቦ ዝም አለ። ከውኃ ኮሚቴው አባላት አንዱ የነበሩ ሽማግሌ ወደ ጆሯችን ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ውኃውም እንደ እኛ መንገዱ የደከመው መሰለኝ» አሉን። በዚያ ቦኖ ዙሪያ እንስራና ጀሪካን ደርድረው የተቀመጡ እናቶች እስከ ማታ ጠበቁ።

ለአንባቢ የሚጠቅመው ክፍል ስሌቱ ነው። የ10 ባር ግፊት በሚችለው ዓይነት፣ የባለ 63 ቱቦ የውስጥ ስፋት 55.4 ሚሊ ሜትር፣ የባለ 50 ደግሞ 44 ነው። ልዩነቱ 11 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ለዓይን ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ውኃ የሚያልፍበት የክቡ ስፋት በ37 በመቶ ያንሳል፤ በጠባብ ቱቦ ውስጥ ደግሞ ውኃው ከግድግዳው ጋር የሚያደርገው ፍትጊያ ስለሚበረታ፣ በተመሳሳይ ቁልቁለትና ርቀት የሚያልፈው ውኃ በ45 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ለአራት ቦኖ የታሰበው ውኃ ከግማሽ ብዙም ሳይበልጥ ቀረ ማለት ነው፤ የቀረበው መንደር አስቀድሞ ይቀዳል፣ የራቀው ይጠማል።

ምእመናኑን ደግማችሁ ቆፍሩ ማለት ከሒሳቡ ሁሉ የከበደው ነገር ነበር። ቄሰ ገበዙ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ቆመው ነገሩን ሳይሸፍኑ ተናገሩልን፤ ሕዝቡም ቆፈረ። የተዘረጋውን አውጥተን ከመጣል ይልቅ በጎኑ ሁለተኛ ባለ 50 ቱቦ ዘረጋን። ሁለት ባለ 50 በአንድነት ሲፈስሱ ከአንድ ባለ 63 በጥቂቱ የበለጠ ያሳልፋሉና ውኃው አራተኛውን ቦኖ ደረሰ። የተጨማሪው ቱቦ ዋጋ ግን ከሰማይ አልወረደም። ለሌላ አጥቢያ የምንጭ ሥራ ታስቦ ከነበረው በጀት የተወሰደ ነው፤ ያ አጥቢያ አንድ ዓመት ጠበቀ።

ኢንች ስለ ምን አልጠፋም?

ብዙዎች «ሀገሩ ሁሉ በሜትር ከተስማማ ኢንች ምን ይሠራል?» ብለው ይጠይቁናል። መልሱ በብሎንና በቱቦ ጥርስ ታሪክ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ጆሴፍ ዊትዎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ፣ እያንዳንዱ ፋብሪካ በየራሱ ልክ ብሎን ከሚያወጣ ሁሉም በአንድ ሥርዓት እንዲያወጣ ሐሳብ አቀረበ፤ የጥርሱም ማዕዘን 55 ዲግሪ እንዲሆን ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1864 ዊልያም ሴለርስ የተባለ አሜሪካዊ ደግሞ ለሀገሩ የ60 ዲግሪ ጥርስ አቀረበ። ሁለቱም በኢንች ናቸው፤ ሁለቱ ግን አይገጣጠሙም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝና የአሜሪካ መሣሪያዎች መለዋወጫ መለዋወጥ ስላልቻሉ ብዙ ችግር ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ሁለቱ ሀገራት ከካናዳ ጋር በአንድ የብሎን ሥርዓት ተስማሙ። የኢንቹ ርዝመት ራሱ በትክክል 25.4 ሚሊ ሜትር እንዲሆን የተወሰነው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ከዚያ በፊት የእንግሊዝ ኢንችና የአሜሪካ ኢንች በጥቂቱ ይለያዩ ነበር።

የብሎኑ ነገር እንዲህ ሲሄድ፣ የውኃ ቱቦ ጥርስ ግን የዊትዎርዝን ማዕዘን እንደ ያዘ ዓለምን ዞረ። በሜትር የሚለኩት የአውሮፓ ሀገራት እንኳ የቱቦ ጥርሳቸው በኢንች የሚቆጠረው ይኸው ነው። ቢ.ኤስ.ፒ. ይባላል፤ በእኛም ገበያ ያለው እርሱ ነው። ስለዚህ ኢንችን ከቧንቧ ሥራ አስወጣለሁ ብሎ መድከም ከንቱ ነው። የምንደክመው በየትኛው ቦታ በየትኛው እንደምንለካ ለይተን ለመጻፍ ነው።

ሁለቱ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ

በየአጥቢያው የተተከሉት የእጅ ፓምፖች ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ናቸው። ኢንዲያ ማርክ 2 የሚባለውን ፓምፕ ብንፈታ፣ ውኃ የሚወጣበት ቱቦ የአንድ ከሩብ ኢንች የብረት ቱቦ ነው፤ ጥርሱም የኢንች ጥርስ ነው። በዚያው ቱቦ መካከል የሚወርደው ዘንግ ግን 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥርሱም ኤም 12 የተባለው የሜትሪክ ጥርስ ነው። ፒስተኑ የሚንቀሳቀስበት የሲሊንደሩ ስፋት ደግሞ 63.5 ሚሊ ሜትር ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ እንግዳ ቁጥር ሁለት ተኩል ኢንች በሚሊ ሜትር ሲጻፍ ነው። አንድ ፓምፕ፣ ሁለት ቋንቋ።

ስለዚህ የዘንጉ ማያያዣ የጠፋበት ሠራተኛ ከመደብር የግማሽ ኢንች ዳዶ ቢያመጣ፣ ኤም 12ቱ ላይ ይገባለታል። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ላላ ብሎ ጥቂት ዙር ይሄዳል፤ ከዚያ ይይዛል። «ጠበቀ» ብሎ ይተወዋል። በእርግጥ የያዘው ጥቂት የጥርስ ጫፍ ብቻ ነው፤ ፓምፑ በቀን ብዙ ሺህ ጊዜ ሲመታ ጫፉ ይበላና ዘንጉ ወደ ጉድጓዱ ይወድቃል።

ከዚህ ይልቅ አሳሳች የሆነው የኤም 8 እና የአምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች ብሎን ነው። የመጀመሪያው ውፍረት 8 ሚሊ ሜትር፣ የሁለተኛው 7.94 ነው። በዓይንም በእጅም አይለዩም። ነገር ግን ኤም 8 በአንድ ዙር 1.25 ሚሊ ሜትር ሲሄድ፣ ሌላው በተለመደው ጥርሱ 1.41 ይሄዳል። በስድስተኛው ዙር ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል። ያን ጊዜ ሠራተኛው ዘይት ጠብ አድርጎ በመፍቻ ይጫነዋል፤ የሞተሩ አካል አልሙኒየም ከሆነ ጥርሱ ተጠራርጎ ይወጣል። የሦስት ብር ብሎን የብዙ ሺህ ብር ሞተር አበላሸ የሚባለው ይህ ነው።

መፍቻዎቹም እንዲሁ ናቸው። የ19 መፍቻና የሦስት ሩብ ኢንች መፍቻ ልዩነታቸው ከፀጉር የቀጠነ ስለሆነ (19.05) አንዱ ለሌላው ያገለግላል። በዚህ የተማመነ ሰው የ13 መፍቻ በግማሽ ኢንች ራስ ላይ ሲያደርግ ግን 0.3 ሚሊ ሜትር ይላላበታል፤ የዛገ ብሎን ከሆነ ማዕዘኑን ያጎብጠዋል። በአንድ ገዳም የነበረ የቆየ የእንግሊዝ ወፍጮ ሞተር ላይ ደግሞ ከዚህ የባሰ እንቆቅልሽ ገጥሞን ነበር። የዊትዎርዝ መፍቻዎች ላይ የተቀረጸው ቁጥር የሚይዙትን ራስ ስፋት ሳይሆን የብሎኑን ግንድ ውፍረት ነው፤ «ግማሽ» የተባለው መፍቻ አፉ ከ23 ሚሊ ሜትር በላይ ይከፈታል። አበው መነኮሳቱ ያለ ቁጥር፣ በመፍቻዎቹ እጀታ ላይ በቀለም ምልክት አድርገው ለይተዋቸው አገኘን። ከእኛ ይልቅ እነርሱ ተጠንቅቀው ነበር።

ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስጦታ

በአሜሪካ የሚኖሩ ምእመናን ለተወለዱበት አጥቢያ ፓምፕ ገዝተው ሲልኩ አይተናል፤ እግዚአብሔር ያክብራቸው። ይህን የምንጽፈው ስጦታው እንዳይባክን ነው። የአሜሪካ ቱቦ ጥርስ ኤን.ፒ.ቲ. ይባላል፤ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ነው። በግማሽና በሦስት ሩብ ኢንች ላይ የሁለቱም ጥርስ ብዛት በኢንች 14 ስለሆነ የአሜሪካው በእኛው ውስጥ ይገባል፤ ማዕዘኑ ስለማይመሳሰል ግን በጥርሶቹ መካከል ቀጭን መንገድ ይቀራል። ቴፍሎን ደጋግሞ የጠቀለለ ሰው ለጊዜው ያስታግሠዋል፤ ግፊት ሲመጣ ያፈስሳል። ከአንድ እስከ ሁለት ኢንች ባለው ላይ ደግሞ የእኛው 11፣ የእነርሱ 11.5 ጥርስ ነው፤ ሁለት ሦስት ዙር ሄዶ ይቀረቀራል። መፍትሔው ጉልበት አይደለም፤ በአንድ ወገን ኤን.ፒ.ቲ. በሌላው ቢ.ኤስ.ፒ. የሆነ መሸጋገሪያ ከዚያው ከፓምፑ ጋር እንዲላክ አስቀድሞ መጻፍ ነው። ዋጋው ከፓምፑ አንጻር ኢምንት ነው፤ እዚህ ሲፈለግ ግን በቀላሉ አይገኝም።

በፓምፑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍም ማስተዋል ይገባል። «100 ጫማ» የሚያነሣ ተብሎ የተጻፈው 30.5 ሜትር እንጂ 100 ሜትር አይደለም። ጋሎንም ሁለት ነው፤ የአሜሪካው 3.785 ሊትር፣ የእንግሊዙ 4.546 ሊትር። በደቂቃ 50 ጋሎን የሚለውን በእንግሊዙ ቆጥሮ ያቀደ ሰው በየደቂቃው ወደ ሁለት ጀሪካን የሚጠጋ የሌለ ውኃ ያከፋፍላል። ግፊቱ በፒ.ኤስ.አይ. ከሆነ 14.5ቱ አንድ ባር ነው።

የጎደለው ነዳጅ

የተማሩና የሠለጠኑ ሰዎችም በዚህ መሳታቸውን ማወቅ ለትሕትና ይጠቅማልና አንድ ታሪክ እንጨምር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 23 ቀን 1983 የኤር ካናዳ አውሮፕላን ከሞንትሪያል በኦታዋ በኩል ወደ ኤድመንተን ለመብረር ተዘጋጀ። ካናዳ ከፓውንድ ወደ ኪሎ ግራም የምትሸጋገርበት ጊዜ ነበር፤ አውሮፕላኑም፣ አዲሱ ቦይንግ 767፣ በኪሎ ግራም የሚቆጥር ነበር። ለጉዞው 22,300 ኪሎ ግራም ነዳጅ ያስፈልገዋል። የነዳጅ መለኪያው ስለተበላሸ ሠራተኞቹ በገንዳው ያለውን በዘንግ ለኩ፤ 7,682 ሊትር ሆነ። አንድ ሊትር ስንት ይመዝናል ሲባል በለመዱት መሠረት 1.77 ተባለ። 1.77 ግን የአንድ ሊትር ክብደት በፓውንድ ነው፤ በኪሎ ግራም 0.8 ገደማ ነው።

በዚህ መሠረት በገንዳው 13,597 «ኪሎ ግራም» አለ ተብሎ ታሰበ፤ የጎደለውን ለመሙላትም 4,917 ሊትር ብቻ ተጨመረ። መጨመር የነበረበት ከ20,000 ሊትር በላይ ነበር። አውሮፕላኑ 69 ሰዎችን እንደያዘ በ41,000 ጫማ ከፍታ ላይ ሳለ ነዳጁ አለቀ፤ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። ካፒቴን ቦብ ፒርሰን በተንሳፋፊ አውሮፕላን የመብረር ልምድ ስለነበረው ያለ ሞተር አንሳፍፎ ጊምሊ በተባለ ቦታ፣ በቀድሞ የአየር ኃይል ጣቢያ ላይ አሳረፈው፤ ሕይወቱ ያለፈ ሰው አልነበረም። በዚህ ታሪክ የምናስተውለው ማባዛቱና መቀነሱ ደጋግሞ ተሠርቶ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት መስጠቱን ነው። ሒሳብን መድገም የአሃድን ስሕተት አያወጣም። የእኛም 50.8 በሦስት ሰው ተመርምሮ ትክክል ተብሎ ነበር።

አሁን የምንሠራበት መንገድ

ከአራተኛው ቦኖ ወዲህ በግዥ ሰነዳችን ላይ «2 ኢንች» ብቻውን አይጻፍም፤ «50 ሚ.ሜ.»ም ብቻውን አይጻፍም። የፕላስቲክ ቱቦ ከሆነ የውጭ ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ የሚችለው ግፊትና የዕቃው ዓይነት አንድ ላይ ይጻፋሉ፤ ለምሳሌ «ኤች.ዲ.ፒ.ኢ.፣ የውጭ ስፋት 63 ሚ.ሜ.፣ ፒ.ኤን. 10» ተብሎ። የብረት ከሆነ ስሙ በኢንች፣ የውጭ ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ ጥርሱም ቢ.ኤስ.ፒ. መሆኑ ይገለጻል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚለውጥ ሰው በ25.4 አያባዛም፤ ከላይ ያሰፈርነውን ጥምረት ያያል። ለቆርቆሮ «ጌጅ» የሚለውን ቁጥር የሚጽፍ ሰውም ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ይጨምር፤ የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው የሚሳሳ መሆኑን የማያውቁ የሕንፃ ኮሚቴዎች ባለ 32ን ከባለ 28 ይበልጣል ብለው ገዝተው አይተናል።

በመጋዘን በኩል እያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንድ ካሊፐርና በሁለቱም ሥርዓት የተቆራረጠ የጥርስ መለኪያ እንዲኖረው አድርገናል። ካሊፐሩ የኤሌክትሮኒክስ ከሆነ ኢንችና ሚሊ ሜትር የምትቀያይረውን ቁልፍ ሳያውቁ የሚነኩ ብዙዎች ናቸውና ከመለካት በፊት የሚታወቅ ነገር፣ ለምሳሌ የ19 መፍቻ አፍ፣ ለክቶ መፈተሽ መልካም ነው። ለጥገና ሠራተኞች የሰጠነው ትእዛዝ አንድ ነው፦ አዲስ ብሎን በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ካልገባ መፍቻ አይነካውም። በጣት የማይሄድ ብሎን ወይ ቆሽሿል ወይ የሌላ ሥርዓት ነው።

ከሁሉ የሚልቀውን ለመስክ ሠራተኞቻችን በቃልም ደጋግመን እንነግራለን። በንድፉ ላይ የሌለ ማጥበቢያ ወይም ማስፊያ መገጣጠሚያ ሲያስፈልግ ሥራው ይቆማል፤ ስልክ ይደወላል። ስልክ የማይደርስበት ቦታ ከሆነ ቦዩ ሳይደፈን ይቆያል። ይህን ያደረገ ገጣሚ በመዘግየቱ አይወቀስም፤ ይህም በውሉ ላይ ተጽፏል።

ለሁለተኛው መስመር ቦታ ለመልቀቅ ያወጣናት፣ ከ2 ወደ 1 ተኩል ኢንች የምታጠብበው ያቺ ቁራጭ ብረት ዛሬ በዕቃ መረከቢያ ጠረጴዛችን ላይ የወረቀት መጫኛ ሆና ተቀምጣለች። አዲስ የተቀጠሩ ባልደረቦች ምን እንደ ሆነች ሲጠይቁ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊያችን ካሊፐሩን አውጥተው በሁለቱም ጫፍ ያስለኳቸዋል።